የመካ ተራዊሕ በሳሎናችን

ረመዳን ሲቃረብ በመስጂድ ደጅ የሚጠየቀው ጥያቄ ከዘመን ዘመን ይለዋወጣል። ድሮ ስለ መርፌ፣ ስለ ዓይን ጠብታ፣ ስለ ጨረቃ መታየት ነበር። አሁን አሁን ከቴሌቪዥን ጀርባ ስለምትሰካው ትንሽ ዕቃ የሚጠይቀኝ በዝቷል። ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ለእናቱ ይልካታል፤ መርካቶም ትገኛለች። ኤችዲኤምአይ በሚባለው ቀዳዳ ትሰካለች፣ ከዋይፋይ ጋር ትገናኛለች፣ ከዚያ በኋላ ዩቲዩብ ላይ ያለው ሁሉ በሳሎን ቴሌቪዥን ይታያል። ጉግል ክሮምካስት ብሎ የሰየማትን እ.ኤ.አ. በ2013 በ35 ዶላር ለገበያ ካወጣ ወዲህ ብዙ ዓይነት መጥቷል። ሰዉ ሁሉንም በደፈናው «ቦክስ» ይላቸዋል። ጥያቄውም አጭር ነው፦ «ሸይኽ፣ ሐላል ነው ወይስ ሐራም?»

ዕቃው ዕቃ ነው፤ ብይኑ የሚከተለው የሚገባበትን ነገር ነው። ሬዲዮንም የዘፈን ዕቃ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 የግብፁ ቃሪእ ሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ቁርኣንን ከፋቲሓ እስከ ናስ በድምፅ ቀረጹ፤ በ1964 ደግሞ የካይሮ የቁርኣን ሬዲዮ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በሸይኹ ድምፅ ተጅዊዱን ያቃና ደረሳ በኛም አገር ሞልቷል። ዛሬ ያ ቂርአት በዚህች ዕቃ በኩል ቤት ይገባል። ሕፃን ታቅፋ መስጂድ መሄድ ላልቻለች እናት፣ ጉልበታቸው ለከዳቸው አዛውንት፣ አልጋ ለያዘ ሕመምተኛ ትልቅ ኒዕማ ነው።

በጣም የሚደጋገመው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የመካን ተራዊሕ በቀጥታ ሥርጭት ከፍቶ፣ ቴሌቪዥኑን በቂብላ በኩል አስቀምጦ፣ ከሐረሙ ኢማም ኋላ መስገድ ይቻላል ወይ?

አይቻልም። ኢማምን መከተል ድምፁን መስማት ብቻ አይደለም። በሻፊዒይ መዝሀብ ከመስጂድ ውጭ ሆኖ የሚከተል ሰው ከኢማሙ የሚኖረው ርቀት በ300 ክንድ ግድም የተወሰነ ነው። ሐነፊዮች ደግሞ ጋሪ የሚያልፍበት መንገድ ወይም ጀልባ የሚሄድበት ወንዝ በመካከል ከገባ መከተሉ ተቋረጠ ይላሉ። ከአዲስ አበባ እስከ መካ ከ1300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመካከል ያለውም ወንዝ ሳይሆን ቀይ ባሕር ነው። እርግጥ የሞሮኮው ሊቅ አሕመድ ኢብኑ ሲዲቅ አል-ጉማሪ የጁምዓን ሶላት ቤት ሆኖ በሬዲዮ መከተል ይበቃል ብለው መጽሐፍ ጽፈው ነበር። የሚበዙት ዑለሞች ግን አልተቀበሏቸውም፤ እኔም ከሚበዙት ጋር ነኝ። ከፊቅሁ ሌላ ነገሩ ራሱ አይሆንም። በኢንተርኔት የሚመጣ ሥርጭት ይዘገያል፤ እርስዎ ሩኩዕ ሲወርዱ ኢማሙ ሱጁድ ላይ ናቸው። መብራት ቢሄድስ? ግንባርዎ መሬት ላይ እንዳለ ኢማምዎ ይጠፋሉ።

ቤት የቀረ ሰው የሚያውቃትን አጭር ሱራ እያነበበ ራሱ ይስገድ፤ ተራዊሕ በቤትም ይሰገዳል። በሻፊዒይ መዝሀብ ሙስሐፍ ይዞ እያዩ ማንበብም ይቻላል። የመካውን ደግሞ ሰግዶ ሲጨርስ ያዳምጥ።

ለመስጂዱ ሰውም ቢሆን ሁለቱ አይጋጩም። እኛና መካ ሰዓታችን አንድ ነው፤ ነገር ግን በሳዑዲ አቆጣጠር በረመዳን የዒሻእ አዛን ከመግሪብ 2 ሰዓት ቆይቶ ነው። ስለዚህ የሰፈራችን ተራዊሕ ሲጋመስ የመካው ገና መጀመሩ ነው። ከመስጂድ ተመልሶ ዱዓውን ለማዳመጥ ጊዜ አለ። ይህን የምለው ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሐረሙን ሰልፍ እያየ የሚያለቅስ፣ መቶ እርምጃ ርቆ ያለው የሰፈሩ ሰልፍ ግን ክፍት የሆነበት ወንድም ስላለ ነው። እዚያ የሚያሰግደው ምናልባት ዓመቱን ሙሉ የሸመደደ የ18 ዓመት ሐፊዝ ነው። ድምፁ እንደ መካው አይደለም፤ ኋላው የሚቆም ሰው ያስፈልገዋል።

ልጆችን በተመለከተ ግን ብዙዎች የማይጠብቁትን እላለሁ፤ ከስልክ ይልቅ ይህችን ዕቃ እመርጣለሁ። ስልክ ሰውን ብርድ ልብስ ውስጥ ብቻውን ያስገባል፤ የሳሎን ቴሌቪዥን እናት፣ አባት፣ አያት ባሉበት ይከፈታል። ሐያእ የሚሠራው ሰው ባለበት ነው። ደግሞ ቴሌቪዥኑ የተከፈተው በልጁ አካውንት ከሆነ፣ ሰሞኑን ያየው ሁሉ ተመሳሳዩን እየጠራ ከፊት ይደረደራል። ኢፍጣር የተጠራ እንግዳ ሳምቡሳውን ይዞ የቤቱን ምስጢር ያነባል። (አባቶችም በዚህ የሚድኑ አይመስለኝም።)

ስለ አንዳንድ ርካሽ ቦክሶች ግን ዝም ማለት አይገባም። «አንዴ ግዛ፣ ወርሃዊ ክፍያ የለም፣ ኳሱም ፊልሙም ሁሉ አለ» እየተባሉ የሚሸጡ አሉ። ክፍያው የሌለው ባለመብቱ ስለፈቀደ ነው ወይስ ስለተሰረቀ? ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 በኩዌት ባደረገው ጉባኤ፣ የደራሲነትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ ሐቅ ስለሆነ መድፈር አይፈቀድም ሲል ወስኗል። ቀኑን ከሐላል ምግብ ታቅቦ የዋለ ሰው ማታ በሰው ሐቅ መዝናናቱ ግራ ያጋባኛል። ጣጣው በዚህም አያበቃም። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከእነዚህ ርካሽ ዕቃዎች አንዳንዶቹ ባድቦክስ 2.0 የሚባል ተንኮለኛ ፕሮግራም ገና ሳይሸጡ የተጫነባቸው እንደሆኑ ገልጿል። ወንጀለኞች በእርስዎ ቤት ኢንተርኔት በኩል ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ዱካው የሚመጣው እርስዎ ዘንድ ነው። ስም ያለው ዕቃ፣ ከሚታወቅ ሻጭ፣ ይሻላል።

ኢስራፍም አለ። አንድ ሰዓት ቪዲዮ በከፍተኛ ጥራት እስከ 3 ጊጋባይት ሊበላ ይችላል፤ ዝቅ ሲደረግ 1 ጊጋባይትም አይሞላ። ቂርአት ለመስማት ደማቅ ምስል አያሻም። ጥራቱን ወደ 480 አውርዶ የተረፈውን የጥቅል ዋጋ ለጎረቤት ኢፍጣር ማዋል ይቻላል።

በሱራ መሐል ዘፈን ያለበት ማስታወቂያ እየገባ ስለሚያስቸግራቸው የሚያማርሩ አሉ፤ እውነት አላቸው። ሲቻል ቂርአቱን በስልክ አውርዶ በፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ መሰካት ይህን ያስቀራል፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ያ ካልሆነና እናት ብቻቸውን ቤት የሚቀሩ ከሆነ፣ ልጅ ወደ ተራዊሕ ከመውጣቱ በፊት ዩቲዩብ ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ እንዳይከፍት ማጥፋት አለበት፤ ማጥፊያው ሴቲንግ ውስጥ ነው። ካልጠፋ ቂርአቱ ሲያልቅ የሚከተለውን የሚመርጠው ማሽኑ ነው፤ እናት ደግሞ ሪሞቱ ላይ የትኛውን እንደሚጫኑ ማንም አላሳያቸውም።