የጎጆ ጭስ በክልከላ ብቻ አይወጣም

ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር በተዘረጋው ደጋ ውርጭ በሚበረታበት ወራት የጎጆው በር በጊዜ ይዘጋል፤ እሳቱ ግን አምሽቶ ይነዳል። ማገዶው ኩበትና ባሕር ዛፍ ነው። ብርድን ለመከላከል የተዘጋው በር ጭሱንም አፍኖ ያስቀራል። ቀዳሚዎቹ ተጎጂዎች ምጣድ ዳር የሚውሉት እናቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል።

ጉዳቱ በጤና ብቻ አይወሰንም። ኩበት ሲነድ ለሰብል የሚበጀው ናይትሮጂን ከጭሱ ጋር ይባክናል። ገበሬው ከማሳው የነፈገውን ይህንኑ ንጥረ ነገር በዩሪያ መልክ በገንዘቡ መልሶ ይገዛል። ኩበቱ አልበቃ ሲል ደግሞ መጥረቢያው ወደ ወፍ ዋሻ ደን ያመራል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ተቆጣጣሪ በየጎጆው እየገባ ጉልቻ ሊፈትሽ አይችልም። ስለዚህ ሥራው የሚወድቀው በገበሬ ማኅበሩ የውስጥ ደንብ ላይ ነው።

ደንብ ሲባል ግን መቀጮ ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም። መተኪያ ሳያገኝ ኩበት እንዳያነድ የተከለከለ ቤተሰብ ወይ ተደብቆ ያነዳል፣ ወይ በብርድ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1952 በለንደን ከተማ የድንጋይ ከሰል ጭስ ከጉም ጋር ተቀላቅሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ 4 ሺህ ያህል ሰው ፈጅቷል። በ1956 የወጣው ሕግ በተወሰኑ ሠፈሮች ጭስን ሲከለክል፣ ምድጃውን ለሚቀይር ነዋሪ ከወጪው 70 በመቶ እንዲተካለት ፈቅዶ ነበር። ክልከላውና እርዳታው አብረው ነው የወጡት።

እዚህም ቅደም ተከተሉ ይኸው ሊሆን ይገባል። ከአሸዋና ከስሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራ መጋገሪያ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ማኅበሩ የአካባቢውን ወጣቶች አሠልጥኖ ቢያሠራና አቅም ለሌላቸው በተለይም ለብቻቸው ቤት ለሚያስተዳድሩ ሴቶች በዱቤ ቢያዳርስ ወጪው ከባድ አይሆንም። ምድጃው እሳቱን ስለሚከልል እንደ ጉልቻው ቤት አያሞቅም የሚለው ቅሬታ እውነትነት አለው። ሆኖም መልሱ ወደ ጉልቻ መመለስ ሳይሆን ግድግዳን በሚገባ መምረግ፣ ጭስ መውጫ ማበጀትና እንጨትን አድርቆ ማንደድ ነው። አዲስ ቤት የሚሠራም ማድ ቤቱን ለይቶ እንዲሠራ በደንቡ ሊካተት ይችላል። በየጓሮው የማገዶ ዛፍ ሲደርስ ኩበቱ ቀስ በቀስ ወደ ማሳው ይመለሳል። መቀጮ ሊታሰብ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ጭስን በተመለከተ ግን ጉልቻውን መለወጥ የእናትን ዓይንና የሕፃንን ሳንባ ያተርፋል። የማኅበር መሪዎች በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ይህን በአጀንዳ ሊይዙትና በመጀመሪያም በየራሳቸው ቤት ሊጀምሩት ይገባል።