አንትሮፖሎጂ ደረሰሽ? እንግዲያው «ልማት» ብለሽ አትምረጪ

ይህቺን ጽሑፍ የምንጽፈው ለአንዲት የአዲስ ቅዳም ልጅ ነው። አንዲት እንበል እንጂ በየዓመቱ ብዙ ናት። ፍሬሽማን ጨርሳ የትምህርት ክፍል ምርጫ ሞላች፤ ሕግ አንደኛ፣ ኢኮኖሚክስ ሁለተኛ፣ አካውንቲንግ ሦስተኛ። ቅጹ ባዶ እንዳይሆን ከታች ጣል ያደረገችው ሶሻል አንትሮፖሎጂ ደረሳት። ቤት ስትመጣ አባቷ «ምንድን ነው የምትማሪው ልጄ?» አሏት። «ስለ ሰው» አለች። «ስለ ሰው ተምረሽ ማን ይቀጥርሻል?»

በአባትየው አንስቅም። የላኳት ከሰል ሸጠው ነው፤ መጠየቅ መብታቸው ነው። ጠባችን ከእሳቸው ቀጥሎ ከሚመጡት መካሪዎች ጋር ነው። ቀድሞ የተመረቀው የአጎት ልጅ፣ ሲኒየር ተማሪው፣ አንዳንዴም መምህሩ ራሱ አንድ ዓይነት ምክር ይሰጧታል፦ «ልማት ላይ አተኩሪ፤ ካልሆነ ጾታ፤ ኤንጂኦ ይወስድሻል።»

ለመሆኑ ምርጫ የሚባል ነገር አለ ወይ? ፍሬሽማን እያለች በወሰደችው የአንትሮፖሎጂ ኮርስ ትምህርቱ አራት ቅርንጫፍ እንዳለው ተነግሯታል፦ የሰው ልጅ አካልና አመጣጥ፣ አርኪዮሎጂ፣ ቋንቋ፣ ማኅበራዊ ኑሮና ባህል። ትምህርት ክፍሉ ስትገባ ግን «ሶሻል» የሚለው ቃል ቀድሞ መርጦላታል። ቋንቋ ሊንጉስቲክስ ጋ ሄዷል፤ አርኪዮሎጂም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የራሱ ቤት አለው። አጥንቱስ? ሉሲ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ተገኘች፤ እኛም በስሟ ካፌ ከፈትን። በዚህ ሙያ ዓለም የሚያውቃቸው ኢትዮጵያውያን ግን የገቡት በሌላ በር ነው። ብርሃነ አስፋውና ዘረሰናይ ዓለምሰገድ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ጂኦሎጂ ነው፤ ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ታሪክ። ዶክትሬቱን ሁለቱ በርክሌይ፣ ዘረሰናይ ደግሞ ፓሪስ ሠሩት። ስለዚህ ልባችሁ አጥንት ላይ ከሆነ ሦስተኛ ዓመት እስክትደርሱ አትጠብቁ፤ የጂኦሎጂን ወይም የባዮሎጂን በር ዛሬውኑ አንኳኩ። ይህንን የሚነግራችሁ ሰው ካላገኛችሁ እኛ ነግረናችኋል።

ለተቀረው ተማሪ በእጁ ያለው እውነተኛ ምርጫ አንድ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉ። እሱንም እንዴት እንደምናባክነው እናውቃለን። «የእንትን ሚና በእንትን ላይ፤ የእንትን ወረዳ ሁኔታ።» ወረዳው ይቀየራል፣ መጠይቁ ያው ነው፣ ማጠቃለያው «የሚመለከተው አካል ግንዛቤ ማስጨበጥ አለበት» ይላል። ከአዊ የመጣ ደግሞ ፈረስ ይመርጣል። ጥር 23ን እንወዳለን፤ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ማኅበር ቀላል ነገር አይደለም። ግን ስለ ፈረሱ የሚጻፈው ሁሉ የሚያልቀው «ለቱሪዝም ቢውል» በሚል ነው። ፈረስ መግዛት ያቃተው ሰው በዚያ ቀን የት እንደሚቆም የጠየቀ ጽሑፍ እስካሁን አላየንም።

አሁን ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ አዲስ ቅዳም ላይ ውረዱ። በመንገዱ ዳር የተደረደረው ጆንያ ከሰል ነው። ፋግታ ለኮማ ውስጥ ገበሬው እህል ይዘራበት የነበረውን ማሳ ዲከረንስ የሚባለውን የአውስትራሊያ ዛፍ ተክሎበታል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ መሀል ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣር ይታጨዳል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉ ተቆርጦ ይከስላል፣ ከዚያ እንደገና ይተከላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የዝገት በሽታ ገብቶ ዛፉን እያደረቀው ነው። የደን ባለሙያውና ኢኮኖሚስቱ ስለዚህ ዛፍ ብዙ ጽፈዋል፤ አፈሩን ለክተዋል፣ ገቢውን ደምረዋል። ባልና ሚስት «ይተከል፣ አይተከል» ብለው ማታ የተጣሉትን ግን ሳተላይት አያነሳውም። መሬቷን ለተካይ ያከራየችው መበለት ለአምስት ዓመት ምን ትበላለች? ዛፉ በበሽታ ሲደርቅ ዕዳው የማን ነው? ጎረቤቱ ሁሉ ሲተክል ብቻውን እህል የሚዘራው ሰው ጥላው ማሳውን ሲያለብሰው ለማን ይከሳል?

አላን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደጋ ዳሞት መጥቶ ስለ ርስት ክርክር አጠና፤ መጽሐፉ በ1973 ወጣ፣ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሮበርት ሄትስሮን የአውንጊን ግስ አጥንቶ በ1969 መጽሐፍ አሳተመ። ሁለቱም ከባሕር ማዶ መጥተው ነው። የአዲስ ቅዳሟ ልጅ ግን አውንጊውን ከእናቷ ሰምታዋለች፣ የከሰሉን ጭስ ታውቀዋለች፤ እሷም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተገለበጠ መጠይቅ ይዛ ሌላ ወረዳ ትሄዳለች! ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ በገባበት ጦርነት መንገድ መውጣት ራሱ አደጋ በሆነበት ጊዜ እንኳ የቤቷ ደጃፍ «መስክ» መሆኑን የነገራት የለም።

ከመካከላችን የጋዜጠኝነት ተመራቂዎች አለን፤ ስለዚህ ከላይ ሆነን አንሰብክም። እኛም «ሕዝብ ግንኙነት ይሻላል፣ መሥሪያ ቤት ሁሉ አለው» ተብለን ሰምተናል። የሰሙት ጓደኞቻችን ዛሬ ለአዳራሽ ባነር ያሳትማሉ። ደመወዝ አለው፣ አንክድም።

የልማቱ ምክር ግን አሁን ደመወዙም አጠራጣሪ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን አቆመ፤ ዓመቱ ሳይወጣ ዩኤስኤይድ ተዘጋ። በዚያ ገንዘብ የቆሙ ፕሮጀክቶች አገራችን ውስጥ ተበተኑ፣ ሠራተኞቻቸውም አብረው። መካሪዎቹ ግን ያንኑ ምክር ዛሬም ይሰጣሉ።

«ከሰል ያጠናችን ልጅ ማን ይቀጥራታል?» የሚለን ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። መጀመሪያ ልማት ያጠኑትን ማን እየቀጠራቸው እንደሆነ ይንገረን፤ ከዚያ ቁጭ ብለን እንከራከራለን።