የኢስትሊ ሰው ሆይ፣ እቁባችን ባለባትሪ ጋሪ ይግዛ!

ወገኖቼ፣ የናይሮቢዋ ኢስትሊ ነጋዴዎች፣ እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ባለ ምግብ ቤቶች፣ የእቁብ ዳኞችና የእድር ሹሞች!

የቤት ኪራያችንን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ የሱቁንም እንዲሁ። በየቀኑ ለአጭር መንገድ ከኪሳችን የሚወጣውን ግን ማን ደምሮት ያውቃል? ጤፍ ከመጋዘን ወደ ቤት፣ የጋዝ ሲሊንደር ከሱቅ ወደ ምግብ ቤት፣ ውሃ በጀሪካን ቧንቧው ሲጠፋ፣ ጉልበታቸው የደከመ እናት ወደ ክሊኒክ። አብዛኛው ከአንድና ከሁለት ኪሎ ሜትር አያልፍም። ለቦዳቦዳ ሞተር ሳይክል፣ ለቱክቱክ ወይም በእጅ ለሚጎተተው ጋሪ ለምኮኮቴኒ ግን በየጊዜው እንከፍላለን። በየግላችን ስናየው የሻይ ዋጋ ይመስላል፤ የአንድ ሰፈር ሕዝብ የዓመት ወጪ ተደምሮ ሲታይ ግን ትልቅ ሀብት ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ለሰፈር ውስጥ ሥራ የሚሆኑ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን በእቁባችን በኩል በጋራ እንግዛ፤ በጋራም እናስተዳድራቸው።

ማለዳ ላይ አንዲት ጋጋሪ ስትወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ። እንጀራውን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ቦዳቦዳው ላይ ተፈናጥጣ፣ በሁለት እጇ አቅፋው ትሄዳለች። መንገዱ በተንገጫገጨ ቁጥር የታችኛው እንጀራ ይቀደዳል። ምግብ ቤቱ የተቀደደውን አይቀበልም፤ ኪሳራው የእሷ ነው። ምኮኮቴኒ የሚጎትተውን ልጅም ተመልከቱት። ፍሬኑ ከጋሪው ኋላ የታሰረ አሮጌ ጎማ ነው። ቁልቁለት ሲመጣ ጋሪውን ወደ ኋላ ተጭኖ፣ ጎማውን ከመሬት እያፋጨ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከኋላው ማታቱ የሚባለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ይነፋበታል። ይህ ልጅ ዕድሜውን የሚከፍልበትን ጉልበት አንዲት ትንሽ ሞተር ልትተካው ትችላለች።

መሣሪያው አዲስ ግኝት አይደለም። በጎልፍ ሜዳና በትልልቅ ሆቴሎች ግቢ ሰውና ዕቃ ሲያመላልሱ የምናያቸው ትንንሽ መኪኖች በሰዓት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። በኢስትሊ ግርግር ከዚያ በላይ ፍጥነት ማንም አይፈልግም። 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ የሚይዝ ባትሪ ያላት ጋሪ በአንድ ሙሌት 30 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ትሠራለች፤ የአንድ ቀን የሰፈር ሥራ በዚህ ያልቃል። ይህ ኃይል ስንት እንደሆነ ማወቅ ለሚፈልግ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሁለት ሰዓት ያህል ሲጋገርበት የሚበላው መብራት ነው።

ዋጋውንም እናስላው። የኬንያ የኢነርጂ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2023 ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የተለየ ታሪፍ አውጥቷል፤ ከታክስና ከተጨማሪ ክፍያዎች በፊት በኪሎ ዋት ሰዓት 16 ሽልንግ፣ ጭነት በሚቀንስበት የሌሊት ሰዓት ደግሞ 8 ሽልንግ። ሌሊት የተሞላ ባትሪ ክፍያው ሁሉ ተደምሮበት እንኳ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ያንሳል። ናይሮቢ ውስጥ አንድ ሊትር ቤንዚን በ2025 ከ170 ሽልንግ በላይ ሲሸጥ ነበር። ታሪፉን ለማግኘት የራሱ ቆጣሪ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ብቻውን ቆጣሪ አስገብቶ አያዋጣውም፤ ማኅበር ግን ያዋጣዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ የሚገባው የ1,045 ኪሎ ሜትር የኃይል መስመር ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ መብራት ለኬንያ ይሸጥበታል። ናይሮቢ ላይ አምፖል ስናበራ የአገራችን ወንዝ ድርሻ አለበት። ኢትዮጵያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላ ወደ ኤሌክትሪክ ዞራለች። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2023 ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ትራንስፖርት ፕሮግራሟን ጀምራለች፤ ባትሪ የሚቀያየርላቸው ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ እየተርመሰመሱ ነው። ዓለም በሚሄድበት መንገድ ላይ ተመልካች ሆነን መቅረት የለብንም።

“እኛ ስደተኛ ነን፣ ምን አቅም አለን?” የሚል ይኖራል። ይህን ሰፈር ማን እንደሠራው ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኢስትሊው ጋሪሳ ሎጅ የእንግዳ ማረፊያ ነበር። ከሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ክፍሎቹን ተከራይተው ቀን ቀን ሸቀጥ ዘረጉባቸው፤ ማረፊያው የገበያ አዳራሽ ሆነ። ዛሬ በኢስትሊ የምናየው ፎቅ ሁሉ የዚያ ጅማሬ ተከታይ ነው። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ከእኛ የበለጠ ወረቀትም ጥሪትም አልነበራቸውም። የነበራቸው መተማመንና መዋጮ ነው፤ እሱ ደግሞ ለእኛ ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ነው።

እንዴት እንጀምር? አንድ 30 አባል ያለው እቁብ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዙሮች ለሰው ሳይሆን ለጋሪዋ ያውጣ። ከዚያ በኋላ ጋሪዋ በየቀኑ የምታስገባው ገንዘብ በኤም-ፔሳ በቀጥታ ወደ ቡድኑ ሒሳብ ይግባ። ከገቢው ላይ ለባትሪ መተኪያ የሚቀመጠው ማንም የማይነካው ይሁን። ባትሪው ሲሞት መተኪያ አጥተን በኋላ እንዳናዝን፣ አሁኑኑ በመተዳደሪያ ደንባችን እንጻፈው። ባለቤትነቱ በተመዘገበ ቡድን ስም ይሁን። በአንድ ሰው ስም የተገዛ ንብረት ሰውየው የካናዳ ወይም የአውስትራሊያ ጉዞው ሲደርስለት ክርክር ያመጣል፤ ሁላችንም የምናውቀው ነው።

ሕጉንም እናክብር። የጎልፍ ጋሪ የተሠራው ለግቢ ነው፤ በገበያ ማዕከል፣ በመጋዘንና በአፓርታማ ግቢ ያገልግል። ወደ ጎዳና የሚወጣው ታርጋ፣ ኢንሹራንስና መንጃ ፈቃድ ያለው ባለሦስት እግር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ይሁን። ከመግዛታችን በፊት የኬንያን የትራንስፖርትና ደህንነት ባለሥልጣን እንጠይቅ። ባትሪው የሚሞላው አየር በሚገባበት ምድር ቤት፣ በባለሙያ በተዘረጋና የመሬት ሽቦ ባለው መስመር ይሁን፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣልና ከምጣድና ከምድጃ ይራቅ። ዝናብ ሲጥል ቱቦው ሞልቶ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ያኔ ጋሪዋ ትቁም።

ከሁሉ በላይ ግን ምኮኮቴኒ ጎታቹን አንርሳው። ጋሪዋ ገብታ እሱ ከሥራ ከወጣ ተሳስተናል። የመጀመሪያው ሾፌር እሱ ይሁን፤ መንጃ ፈቃዱን እቁቡ ያውጣለት፤ ኬንያዊ፣ ሶማሌ ወይም ኦሮሞ ሳንል ጎረቤቶቻችንን አባል እናድርግ። ሰፈሩ የጋራ ከሆነ መሣሪያውም የጋራ መሆን አለበት።

የእቁብ ዳኞች፣ በመጪው እሑድ ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት ይህን አጀንዳ አንሱት። ባለ ምግብ ቤቶች፣ በሳምንት ለማመላለሻ የምታወጡትን ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ። ወጣቶች፣ ከሦስት ሻጮች ዋጋ ጠይቁ፤ የባትሪውን ዓይነት፣ ዋስትናውንና የመለዋወጫውን ዋጋ በጽሑፍ አስፈርሙ። የሕንፃ ባለቤቶች፣ ለአንዲት ጋሪ ማቆሚያና ለአንድ ቆጣሪ የሚሆን ጥግ ስጡን። እናቶች፣ ማን ታምኖ ገንዘብ እንደሚይዝ እናንተ ታውቃላችሁና ሰብሳቢዋን እናንተ ምረጡ። አንድ ጋሪ በአንድ እቁብ እንጀምር፤ ሥራው ሲታይ ሌላው እቁብ ይከተላል። ተነሱ፣ እናዋጣ!