ዕቃ ቢሞላ ተራው ካልታወቀ

ገበያ የወጣ ሰው የሚፈልገውን የሚያገኘው ዕቃ ስለ ሞላ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው በየተራው ስለ ተደረደረ ነው። መርካቶን ለአብነት እንውሰድ። ሸማ የፈለገ ሸማ ተራ፥ በርበሬ የፈለገ በርበሬ ተራ ይሄዳል። ያገለገለ ዕቃና ቁርጥራጭ ብረት የሚሸጥበት ስፍራ ደግሞ «ምን አለሽ ተራ» ይባላል፤ ስሙ ራሱ ገዢ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ዕቃው ከየትኛው መጋዘን እንደ ወጣ ግን ገዢው ማወቅ አያስፈልገውም።

በእጅ ስልካችን የምንገለገልባቸው መተግበሪያዎች ብዙዎቹ ይህን ጥበብ የዘነጉ ይመስለኛል። በቅርቡ እናቴ የውሃ ሒሳብ በስልኳ ልትከፍል ፈለገች። «ውሃ» የሚል ቃል ብትፈልግ ብትፈልግ አጣች። እኔም በቤት አልነበርሁምና ስልኳን ከነምሥጢር ቁጥሯ ለማታውቀው ጎረምሳ ሰጠች። ማታ ገብቼ ብመለከተው ጉዳዩ «ሌሎች አገልግሎቶች» በሚል ስም ሥር፥ ሦስት ገጽ አልፎ ተሸሽጎ አገኘሁት። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ገንዘቧ አልተነካም። ቢነካ ኖሮ ግን ጥፋቱ የማን ይሆን ነበር? «አልተማረችምና ነው» ማለት ቀላል ነው፤ እኔ ግን ጥፋቱ የደርዳሪው ነው እላለሁ። እናቴ መርካቶ ውስጥ አንድም ቀን ጠፍታ አታውቅም።

«ቃል ጽፎ መፈለግ እየተቻለ የድርደራው ነገር ምን ያስጨንቃል?» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ነገር ግን «ኃይሉ»፥ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ለጆሯችን አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተር ሦስት ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር ይዟልና። ሠሪው አንድ አድርጎ እንዲቈጥራቸው ካላዘዘው በቀር መኪናው የተጻፈለትን እንጂ የታሰበውን አይፈልግም። ስለዚህ ፍለጋው ድርደራውን ሊተካው አይችልም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በበኩሌ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፥ ለየክፍሉ የሚሰጠው ስም ተገልጋዩ በአፉ የሚናገረው ቃል ይሁን። ሁለተኛ፥ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የየአገልግሎቱ ስም በትንንሽ ወረቀት ተጽፎ ለልዩ ልዩ ሰዎች ይሰጥና የትኛውን ከየትኛው ጋር እንደሚያስቀምጡ ይታይ። ይህ ዘዴ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ በሙያው የታወቀም ነው። ሦስተኛ፥ በየገጹ ሰው የት እንዳለና በየት እንደሚመለስ ጎልቶ ይታየው። መውጫው የማይታይ ቤት ማንንም ያስፈራልና።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ከመካከላችን ነገ የኮምፒውተር ትምህርት ተምረው እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩ አይታጡም። ያን ጊዜ የሠራችሁትን ለአለቆቻችሁ ከማሳየታችሁ በፊት ለእናቶቻችሁ አሳዩ። አጠገባቸው ተቀመጡ፤ አትናገሩ፤ ጣታቸው የሚሄድበትን ብቻ ተመልከቱ።