ሁለት በር፣ አንድ ካርታ

ባለፈው እትማችን ስለ አሮጌ ጭቃ ቤት ለወጣው ግጥም ሁላችንም አጨብጭበናል። ቆርቆሮው ያለቅሳል፣ ግድግዳው ይተክዛል፣ ምሰሶው ያለፈውን ዘመን ያስታውሳል። ጥሩ ነው፤ ሰው ግን የለበትም። በዚያ ቤት ማን ይኖር እንደነበረ፣ ማን እንዳስወጣው፣ ወዴት እንደሄደ ገጣሚው አልጠየቀም። እኛም አልጠየቅነውም። ስለዚህ ዛሬ የምንጣላው ከእሱ ጋር ብቻ አይደለም።

አራታችን እዚህ ዲላ በምንከራይበት ግቢ በር ላይ ካርቶን ተሰቅሏል። «የሚሸጥ ቤት፤ ለሁለት ቤተሰብ የሚሆን፤ ለመንገድ ቅርብ» ይላል። ያናደደችን «የሚሆን» የምትለዋ ቃል ነች። ሁለት ቤተሰብ የኖረበት ነው እንጂ! አንድ ጣራ፣ መሐሉ ላይ አንድ የጭቃ ግድግዳ፣ ሁለት በር፣ አንድ ማድ ቤት፣ በጓሮ ጥቂት እንሰትና ሁለት እግር ቡና። በአንደኛው በር የሟቿ ባለቤት ልጆች አደጉ፤ አሁን አንዱ ሐዋሳ፣ ሌላዋ አዲስ አበባ ናቸው። በሁለተኛው በር እማማ አሉ፤ ዕድሜያቸውን በመጋዘን ቡና ሲለቅሙ የኖሩ፣ ዛሬ ከልጃቸውና ከሦስት የልጅ ልጆቻቸው ጋር። ካርታው ላይ ያለው ስም አንድ ነው። የእሳቸው አይደለም።

እንዴት ገቡ? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነውን ቤት ቀበሌ ያዘው፤ ግለሰብ ቤት አከራይቶ መኖሩ ቀረ። ሰው ሰውን ማስጠጋቱን ግን አልተወም፤ ስሙን ብቻ ለወጠው። ተከራይ መባሉ ቀርቶ ደባል፣ ዘመድ፣ የክርስትና ልጅ ተባለ። እማማም በደባልነት ገቡ። ውል የለም፣ ወረቀት የለም። ባለቤቷን አስታመው የቀበሯት ግን እሳቸው ናቸው፤ ለዚህ ካርታ አይሰጥም።

ወራሾቹን ሌባ አንልም፤ ሕጉ ከእነሱ ጋር ነው። የምንጣላው ሽያጩ ከቆመበት ውሸት ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ደላላው ግን ገዢ ይዞ ሲመጣ ግድግዳውን ዞር ብሎ እንኳ አያይም፤ ከመንገዱ እስከ ጓሮው አጥር በእርምጃ ይለካል። «ቤቱን ተወው፣ ነገ ይፈርሳል፤ ቦታውን እይ» ሲል በጆሯችን ሰምተናል። መንግሥትስ አያውቅም እንዴ? በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ቦታው በሊዝ ይያዝ ያለው ለምን ይመስላችኋል? የሚሸጠው ቦታ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ በውሉ ላይ የሚጻፈው ጭቃው ነው። እማማ በሁለቱም ውስጥ የሉም።

«ከተማ ያድጋል፣ ምን ይደረግ?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እውነት ነው፣ ዲላ አድጋለች። ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ከተማዋ ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ማእከላት አንዷ ነች። ሠራተኛው ቤት ይፈልጋል፣ ተማሪው ክፍል ይፈልጋል። እኛም ጭቃው ለዘላለም ይቀመጥልን አንልም፤ በክረምት ጣራው ሲያፈስ ባልዲ የምንደቅነው እኛ ነን። ፎቅ ይሠራ! ግን የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ደስ ያለን ለምን ነበር? ትልቁ ዛፍ፣ እንሰቱና ቡናው አንዱ ሌላውን ሳይነቅል በአንድ ማሳ የሚኖርበት የገበሬ ዕውቀት ስለሆነ አይደለም? ይህን ለእንግዳ እያሳየን፣ ከተማ ስንገባ አንዱን ለመትከል ሌላውን መንቀል እንደ ሥልጣኔ እንቆጥረዋለን።

አሁን ወደ ራሳችን። ባለፈው ሰኞ ደላላው እኛ ዘንድ መጣ። ገዢው እስኪያፈርሰው ድረስ ቤቱን በነፍስ ወከፍ ሒሳብ ለተማሪ ሊያከራይ አስቧል፤ ሁለተኛው በር ሲለቀቅ ቅድሚያው የእኛ ነው። «እናንተን ይሰማሉ፣ ቀስ አድርጋችሁ ንገሯቸው» አለን። ከእኛ አንዱ ወዲያው ብዕር አውጥቶ መደመር ጀመረ። ማን እንደሆነ አንጽፍም፤ ሦስታችንም በልባችን እየደመርን ነበር።

በማግስቱ አንነግርም አልነው። «ሌሎች ተማሪዎች ሞልተዋል» ብሎ ሄደ፤ እውነቱን ነው፣ ምናልባት ይህን የምታነቡት ናችሁ። ከዚያ ወዲያ የእድሩን ዳኛ ጠየቅን። መዝገቡን ገልጠው አሳዩን፤ በዚያ ግቢ የተመዘገበው ሁለት አባል ነው፣ እማማም ከገቡበት ዓመት ጀምሮ ወርሃዊ መዋጮአቸው ተጽፏል። ካርታው አንድ ቤት ሲያይ እድሩ ሁለት ቤት ሲቆጥር ኖሯል። የምንጠይቀው ሽያጩ ይቅር አይደለም፤ ከዋጋው ለሁለተኛውም በር ድርሻ ይታሰብ፣ ወይም ሌላ ቤት እስኪያገኙ ጊዜ ይሰጣቸው ነው።

እሑድ ሽማግሌዎች ከወራሾቹ ጋር ይቀመጣሉ። ማመልከቻውን ጽፈናል፤ ሕግ የምትማሩ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መጥታችሁ እዩልን። ገጣሚውም ይምጣ፤ የእድሩን መዝገብ በጥሩ እጅ ጽሕፈት የሚገለብጥ ሰው ያስፈልገናል።