መድኃኒት ማቋረጥ ሁልጊዜ ጥንቃቄ አይደለም

ነፍሰ ጡር እናት «ለፅንሱ ሲባል» የድባቴ መድኃኒቷን በድንገት ስታቆም፣ ብዙዎች እንደ ጥንቃቄ ይቆጥሩላታል። ይሁን እንጂ ያልታከመ ድባቴም የራሱ ጉዳት አለው፤ ምግብና እንቅልፍ ይነሳታል፣ ሲከፋም ሕይወቷን እስከ ማጥፋት ያደርሳታል።

መድኃኒቶቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ሰርትራሊን ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጥቂቱ በመሆኑ፣ ለምታጠባ እናት ብዙ ጊዜ ተመራጭ ነው። ፓሮክሴቲን ግን በመጀመሪያዎቹ 3 የእርግዝና ወራት ከተወሰደ፣ የፅንሱን ልብ አፈጣጠር የማወክ ዕድሉን በመጠኑ ሊጨምር ስለሚችል ሐኪሞች ሌላ መምረጥ ይቀናቸዋል። በእርግዝና መጨረሻ የሚወሰድ መድኃኒትም አራሱን ሕፃን ለጥቂት ቀናት ሊያነጫንጨው ስለሚችል ክትትል ይሻል።

ስለዚህ መቀጠል፣ መለወጥ ወይም ቀስ በቀስ መቀነስ ከሐኪም ጋር የሚወሰን ነው። የቤተሰብ ድርሻም «ተዪው» ማለት ሳይሆን ሐኪም ዘንድ አብሯት መሄድ ነው።