ኳስ በክፍያ

እግር ኳስ የድሀ ልጅ ጨዋታ ነው ይባላል። አንድ ኳስና ጥቂት ሜዳ ከተገኘ ሌላ ምን ያስፈልጋል? በአሜሪካ ግን ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። እዚያ የከተማው ድሀ ልጅ የቅርጫት ኳስን በሰፈሩ መናፈሻ ያለ ክፍያ ሲያገኝ፣ እግር ኳሱ ከከተማ ወጣ ብለው በሚኖሩ ባለመኪናዎች እጅ ገብቷል።

ጥንቱን እንዲህ አልነበረም። በ1950 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በብራዚል ቤሎ ሆሪዞንቴ ላይ እንግሊዝን 1 ለ 0 የረታው የአሜሪካ ቡድን የሠራተኞች ቡድን ነበር። በረኛው ፍራንክ ቦርጊ የአስከሬን መኪና ይነዳ ነበር፤ ዋልተር ባር አስተማሪ ነበር፤ ጎሉን ያገባው የሃይቲ ተወላጅ ጆ ጌትጀንስም በኒው ዮርክ እየተማረ በምግብ ቤት ሳሕን ያጥብ ነበር።

ዛሬ አንድ ልጅ በደህና ክለብ እንዲሠለጥን ወላጆቹ በዓመት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይከፍላሉ። ማልያው፣ የአሠልጣኙ ደመወዝ፣ ወደ ሌላ ስቴት የሚደረገው ጉዞና ሆቴሉ ሁሉ በእነርሱ ላይ ነው። አሠልጣኙን ክፉ ሰው ነው አንልም፤ እንጀራው ከወላጆች ኪስ እስከ ወጣ ድረስ መክፈል የሚችለውን መፈለጉ አይቀርም። እኛን ተማሪዎችን ይበልጥ የሚከነክነን ግን ሌላ ነው። የዩኒቨርስቲ አሠልጣኞች ተጫዋች የሚመርጡት በአብዛኛው ከእነዚሁ የክፍያ ውድድሮች ነውና፣ ለችግረኛ ይረዳል የምንለው ነፃ የትምህርት ዕድል አስቀድሞ ለከፈለው ይደርሰዋል።

የክሊንት ዴምፕሲን ታሪክ እየጠቀሱ በሩ ክፍት ነው የሚሉን አሉ። ዴምፕሲ በቴክሳስ ናኮግዶችስ በተጎታች ቤት ያደገ፣ ከሜክሲኮ ስደተኞች ጋር ኳስ የተማረ ልጅ ነው። ክለቡ ዳላስ ስለነበረ መንገዱ 3 ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር። ወጪው ቤተ ሰቡን ቢከብደው ልጁ አቋረጠ፤ የተመለሰው የጓደኞቹ ወላጆች ስለረዱት ነው። በኋላ ለአገሩ 57 ጎል አገባ። እኛ ከዚህ የምንረዳው ተቃራኒውን ነው፤ የሚረዳቸው ያጡትስ የት ደረሱ? ቡድኑ በ2017 በትሪኒዳድና ቶቤጎ 2 ለ 1 ተሸንፎ ከ2018 የዓለም ዋንጫ ሲቀር፣ ይህን ጥያቄ የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ጮክ ብለው አንሥተውታል።

መፍትሔው ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። ተጫዋች ከአገር ወደ አገር ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶ በልጅነቱ ላሠለጠኑት ክለቦች እንዲካፈል ፊፋ በ2001 ደንብ አውጥቷል። የአሜሪካ ፌደሬሽን የአገሩን ሕግ ምክንያት እያደረገ ለብዙ ዘመን ሳይሠራበት ቆየ። ዋናው ሊግ በ2019 ድርሻውን እጠይቃለሁ ብሎ ተነሣ፤ የሊጉ ክለቦችም አብዛኛዎቹ ዛሬ በአካዳሚያቸው ያለ ክፍያ ያሠለጥናሉ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አካዳሚዎቹ ያሉት በትላልቅ ከተሞች ነው፤ መኪና የሌለው አባት ልጁን በማን ይልከዋል? ስለዚህ ያ 5 በመቶ ልጁን በመጀመሪያ ላሠለጠነው የሰፈር ክለብ ሳይጓደል ይድረስ እንላለን፤ ለሚከተለው ልጅ ማልያና የአውቶቡስ ዋጋ ይሆናል።